ከጎልፍ ቦርሳዬ ሦስት ቁጥር አይረኔን አውጥቼ ሰባት ቁጥር ዉድ ካስገባሁ አሥር ወር ሆነኝ

የጎልፍ ቦርሳዬ ውስጥ አሁን ያለው 12 ዱላ ነው። (አይረን ቀጭን የብረት ጭንቅላት ያለው ዱላ ነው፣ ዉድ ደግሞ ወፍራም ጭንቅላት ያለው፤ ሦስት፣ ሰባት የምለው መለያ ቁጥሩን ነው እንጂ ብዛቱን አይደለም።) ሕጉ እስከ 14 ይፈቅዳል፤ አምና 14ቱንም ሞልቼ ነበር በትከሻዬ የምዞረው። በነዚህ አሥር ወራት አማካይ ስኮሬ (በአንድ ጨዋታ የምመታው ምት ብዛት፣ ሲያንስ ነው የሚሻለው) ከ98 ወደ 92 ወርዷል። አመታቴ ያው ነው፣ አሠልጣኝም አልያዝኩም። የቀየርኩት የምሸከመውን ብቻ ነው።

ነገሩን ያስጀመረኝ አብሬው የምጫወት፣ ጋሼ የምለው ሰው ነው። ዋሽንግተን ላንግስተን ሜዳ ላይ ነበርን። (እ.ኤ.አ. በ1939 የተከፈተ ሜዳ ነው፤ በዘር መድልዎ ዘመን የዌክ ሮቢን ክለብ ጥቁር ሴቶች ታግለው ያስገኙት። እዚያ በተጫወትኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።) ግሪኑ (ቀዳዳው ያለበት አጭር ሣር) ጥግ 60 ዲግሪውን ዌጅ (ኳሱን ለአጭር ርቀት ከፍ አድርጎ የሚልክ ዱላ) ስመዝ አየኝና፣ «እስቲ ልጄ፣ ይሄ ዱላ ስንቴ እንደረዳህ ቁጠርልኝ» አለኝ።

ቆጠርኩ። ለአሥር ጨዋታ ያህል፣ ስኮር ካርዱ ጀርባ ላይ በመታሁ ቁጥር ከዱላው ስም ጎን ነጥብ አደርጋለሁ፤ ኳሱ ያሰብኩበት አካባቢ ካረፈ ነጥቧን አከባታለሁ። ሦስት አይረን 9 ነጥብ፣ አንድ ክብ። አራት አይረን 14 ነጥብ፣ ሦስት ክብ። 60 ዲግሪው 21 ነጥብ፣ አራት ክብ ብቻ! ሦስቱንም አወጣኋቸው፤ ከመሬት ላይ አንድም ቀን አምኜው የማላውቀውን ሦስት ዉድም አብሬ።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን የገባው እንጂ የወጣው አይደለም። ፒቺንግ ዌጄ (ከዌጆቼ ሩቅ የሚመታው) 44 ዲግሪ ነው፣ 110 ያርድ ይወስድልኛል፤ ዲግሪው ሎፍት የሚባለው የዱላው ፊት ወደኋላ መጋደል ነው። ከሱ ቀጥሎ የነበረው 54 ዲግሪው ነው፣ 80 ያርድ። ድሮ ፒቺንግ ዌጅ 48 ዲግሪ ገደማ ስለነበር መሃሉ ይህን ያህል አይሰፋም ነበር፤ ዛሬ አይረን ሠሪዎች ሎፍቱን ስለቀነሱት 30 ያርድ ባዶ ይቀራል። እኔ ደግሞ በአንድ ጨዋታ ሦስት አራት ጊዜ ልክ እዚያ ባዶ ውስጥ እገኛለሁ፤ ፒቺንጉን እጄን ይዤ በግማሽ እመታለሁ፣ ኳሱ ያጥራል፣ ባንከር (የአሸዋ ጉድጓድ) ይገባል። 49 ዲግሪ ዌጅ ገዛሁ። አሁን 95 ያርድ ላይ ስቆም የማስበው ነገር የለም፣ ሙሉ አመታት ነው። ከወረዱት ስድስት ምቶች ግማሹን የማመሰግነው ይህን ዱላ ነው።

ሰባት ዉዱ ፒንግ ጂ425 ነው፣ ሎፍቱ 20.5 ዲግሪ፣ ያገለገለ በ140 ዶላር። ሎፍቱ ከሦስት አይረን ብዙም አይርቅም፤ ክብደቱ ግን ወደታችና ወደኋላ ስለተቀመጠ ኳሱን ለማንሳት አያታግልም። ሰኔ ላይ ራፍ (ከሜዳው ዳር ያለው ረጅም ሣር) ውስጥ ሣሩ ኳሱን እስከ ወገቡ ውጦት አገኘሁት። አይረን ቢሆን ሣሩ አንገቱን ጠምዝዞ ፊቱን ይዘጋው ነበር፤ ይሄኛው ሰፊ ሆዱ ሣሩ ላይ ተንሸራቶ ወጣ፣ ኳሱ 170 ያርድ በሮ ግሪኑ ላይ ከላይ ወረደና ሦስት እርምጃ ተንከባሎ ቆመ። በአይረን እንዲህ አቁሜ አላውቅም።

ነፋስ ላይ ይቸግራል፤ ከፍ ብሎ የሚበር ማንኛውም ዉድ ይቸገራል። ኢስት ፖቶማክ በወንዝና በቦይ መሃል ያለ ሜዳ ስለሆነ፣ ነፋስ ከፊት ሲመጣ ኳሱ ተንሳፍፎ 20 ያርድ ያጥርብኛል። አንገቱ ላይ ያለውን ብሎን ፈትቼ ሎፍቱን አንድ ዲግሪ ዝቅ አድርጌው ነበር፤ ፊቱ አብሮ ትንሽ ስለሚከፈት ወደ ቀኝ ይሄድብኝ ጀመር፣ መለስኩት። (ይህ ከጨዋታ በፊት ነው የሚደረገው፣ መሃል ላይ ማስተካከል ሕጉ ይከለክላል።) ነፋስ ካለ አሁን አምስት አይረን አወጣና ኳሱን ዝቅ አድርጌ አስኬደዋለሁ።

ያልወሰንኩት አምስት ዉዱን ነው። ከሰባት ዉዱ የሚበልጠው በ10 ያርድ ብቻ ነው። ካርዱን እንደገና ጀምሬለታለሁ፤ እስካሁን በስድስት ጨዋታ 5 ነጥብ፣ ሁለት ክብ።