«960 ጊጋ» ተብዬ የገዛሁት ሰርቨር

ደሴም ኮምቦልቻም የኮምፒውተር ማሰልጠኛ ወይም ትንሽ ቢሮ ያላችሁ፣ «በአንድ ሰርቨር ብዙ ኮምፒውተር» የሚል ሻጭ ከመጣባችሁ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ ከፍዬ ነው የተማርኩት።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ ማሰልጠኛ አለኝ። 12 ኮምፒውተሮቼ አርጅተው ነበር። አንድ ከኮምቦልቻ የሚመላለስ ባለሙያ «ጋሼ፣ ለምን ይሰቃያሉ? አንድ ሰርቨር ይግዙ። 12 ቨርቹዋል ማሽን እጭንበታለሁ፤ እያንዳንዱ ባለ 80 ጊጋ። አሮጌዎቹን ለስክሪንና ለኪቦርድ ብቻ እንጠቀምባቸዋለን» አለኝ። ቨርቹዋል ማሽን ማለት ሰርቨሩ ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ኮምፒውተር ነው። ባክአፑስ? «ስናፕሾት (የማሽኑን የዚያን ሰዓት ሁኔታ) በየሳምንቱ ይይዛል፤ አያስቡ።» አላሰብኩም። ከፈልኩ። ደረሰኙ ላይ «ሰርቨር 1 ከነገጠማው» ይላል፣ ሌላ ነገር የለውም።

የመጀመሪያው ወር ማር ነበር። ማሽኖቹ ፈጣን፣ ተማሪው ደስተኛ። በሁለተኛው ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኤክሴል እያስተማርኩ 12ቱም ስክሪን ባለበት ቀጥ አለ። መብራት ሄደ እንዳልል አምፖሉ በርቷል።

ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማረው የእህቴ ልጅ መጥቶ ሰርቨሩን ከፈተው። ዲስኩ ባለ 480 ጊጋ ኤስኤስዲ ነው። አንድ ብቻ። 12 ጊዜ 80 ደግሞ 960 ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሻጩ ዊንዶውስን የጫነው አንድ ጊዜ ነው። እሱ ዋናው ኢሜጅ (እንደ ዲስክ የሚያገለግል ፋይል) ይባላል። 12ቱ ማሽኖች የራሳቸው ሙሉ ዲስክ የላቸውም። ሁሉም የሚያነቡት ከዚያው ከአንዱ ነው። አንዱ ማሽን የሆነ ነገር ሲጽፍ ብቻ፣ ያ የተቀየረው ቁራጭ ለብቻው በማሽኑ ትንሽ ፋይል ላይ ይቀመጣል። ቁራጩ ብዙ ጊዜ 64 ኪሎባይት ነው። ኮፒ ኦን ራይት የሚሉት ይህንን ነው። አንድ መጽሐፍ ለ12 ተማሪ እንደማካፈል ቁጠሩት። መጽሐፉ ላይ ማንም አይጽፍም፤ እያንዳንዱ «ገጽ 40ን እንዲህ ቀይሬዋለሁ» እያለ በየደብተሩ ይይዛል።

ሲጀመር ደብተሩ ባዶ ስለሆነ ቦታ የሚወስድ አይመስልም። ቀስ በቀስ ግን ይወፍራል። ዊንዶውስ አፕዴት ሲመጣ ያው አንድ አፕዴት 12 ጊዜ፣ በ12 ደብተር ይጻፋል። እዚያ ላይ መካፈሉ ቀረ። ተማሪው ፋይል ሲሰርዝም ቦታው ለሰርቨሩ አይመለስም፤ ዲስካርድ የሚባለው፣ የተሰረዘውን ቦታ ለሰርቨሩ የሚመልሰው ቅንብር ከላይ እስከ ታች ካልተከፈተ በስተቀር። የእኔ አልተከፈተም። ሻጩ በአጭሩ ትርፍ ጭኗል። ሐረጎን ሲወርድ 12 ሰው የሚይዝ ሚኒባስ ውስጥ 24 እንደማጨቅ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ካልተነፈሰ ይሄዳል።

የሚገርመው፣ ያን ማክሰኞ ምንም አልጠፋም ነበር። ኬቪኤም (ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚያስኬደው የሰርቨሩ ሶፍትዌር) ቦታ ሲያልቅ ማሽኖቹን የሚያቆማቸው ዳታ እንዳይበላሽ ብሎ ነው። ቦታ ጨምሮ ማስቀጠል ይበቃ ነበር። ያጠፋን ጥገናው ነው። ሻጩ መጣና «ዋናውን ላጽዳው» ብሎ ዋናውን ኢሜጅ እንደ ተራ ማሽን አስነሳው፣ አፕዴት አደረገው፣ ዘጋው። ደብተሮቹ «ገጽ 40» ሲሉ የሚያመለክቱት ወደ አሮጌው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ተቀየረ። ሰባት ማሽን አልነሳ አለ። የቀሩት ተነሱ፣ ግን የተማሪ ፋይል ሲከፈት ውስጡ ዝብርቅርቅ። የሦስት ሳምንት ሥራ እንዲህ ቀለጠ።

ስናፕሾቱስ? የተቀመጠው እዚያው ዲስክ ላይ፣ በዚያው ዋና ኢሜጅ ላይ ተደግፎ። እኔም ሞኝ አልነበርኩም፣ የአንዱን ማሽን ፋይል በውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጬ አስቀምጬ ነበር። 9 ጊጋ። ዋናው ኢሜጅ ከሌለ ግን እሱ የብቻው ደብተር ነው፤ ምንም አይከፍትም። የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር የሚሠራው ቪኤምዌር ራሱ ስናፕሾት ባክአፕ አይደለም፣ አንዱን ከ72 ሰዓት በላይ አታቆዩት ብሎ ይመክራል። የእኔ ሻጭ ወራት ሊያቆይ ነበር።

ዘዴው መጥፎ ነው አልልም። እንዲያውም ለማሰልጠኛ እንደሱ የለም። ማታ የየማሽኑን ደብተር ትጥላለህ፣ ጠዋት አዲስ ትከፍታለህ፣ ቫይረሱም ቆሻሻውም አብሮ ሄደ። አሁን እኔ የምጠቀመው እንደዚያ ነው፤ የተማሪው ሥራ ለብቻው በሌላ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ቅር ያለኝ እንደ ሙሉ 960 ጊጋና እንደ ባክአፕ ተደርጎ መሸጡ ነው። ቢነግረኝ ሁለት ዲስክ እገዛ ነበር።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን አስቀምጡትና ኬሙ ኢሜጅ ኢንፎ (qemu-img info) የሚባለውን ትእዛዝ በፊታችሁ እንዲያስኬድ አድርጉ። «ቨርቹዋል ሳይዝ» የተባላችሁት ነው፣ «ዲስክ ሳይዝ» አሁን በእውነት የያዘው ነው። «ባኪንግ ፋይል» የሚል መስመር ካያችሁ ማሽኑ በሌላ ፋይል ላይ ተደግፏል ማለት ነው። የሚጠቀመው ፕሮክስሞክስ የሚባለውን የቨርቹዋል ማሽን ማስተዳደሪያ ከሆነ «ሊንክድ ክሎን ነው (በዋናው የተደገፈ) ወይስ ፉል ክሎን (የራሱ ሙሉ ቅጂ ያለው)?» በሉት። ቢንተባተብ ነገሩ ገባችሁ። ቨርቹዋል ሳይዞቹን ደምሩና የዲስኩን ትክክለኛ መጠን ጠይቁ። ዋናው ኢሜጅ ሊነበብ እንጂ ሊጻፍበት እንዳይችል መቆለፉን አሳዩኝ በሉ። ይሄ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ እኔን ግን ያድነኝ ነበር። ደረሰኙ ላይም የዲስኩ ብዛትና መጠን፣ ባክአፑ የት እንደሚቀመጥ ይጻፍ። «ከነገጠማው» በሚል ቃል ማንንም መክሰስ አይቻልም፣ ሞክሬዋለሁ።

ሻጩ ስደውልለት «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዓለም የሚሠራበት ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው። ሁለተኛውን ዲስክ ይዤ ሰኞ እመጣለሁ ብሏል። የትኛው ሰኞ እንደሆነ ግን አልነገረኝም።