ከውጭ ዕቃ ለሚያስገቡ የባሕር ዳር ነጋዴዎች፦ ለአንድ የግብር ባለሙያ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

እኔና ታላቅ ወንድሜ በጣና ላይ ለሚሠሩ ጀልባዎች የሞተር መለዋወጫ ከውጭ ለማስገባት በተነሳን ጊዜ፣ ከምዝገባው እስከ መጀመሪያው የግብር ማስታወቂያ ድረስ ሳይሰለቹ የረዱን ዓባይ ማዶ አካባቢ አነስተኛ ቢሮ ያላቸው አንድ የሂሳብና የግብር ባለሙያ ናቸው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ ፈቃዳቸውን አክብሬያለሁ፤ ሥራቸውን ግን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም።

በቅድሚያ የማመሰግናቸው ገና ምንም ሳንጀምር ስለሰጡን ምክር ነው። አንድ ወዳጃችን የራሳችንን ፈቃድ እስክናወጣ ድረስ በሌላ አስመጪ ፈቃድ ዕቃውን እንድናስገባ ሐሳብ አቅርቦልን ነበር። ባለሙያው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ፈቃድን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠትን እንደሚከለክል ካስረዱን በኋላ፣ ብዙ ሰው የማያስተውለውን ነገር አከሉልን። ጉምሩክ ላይ የሚከፈለው ሁሉ የሚመዘገበው በዲክላራሲዮኑ (ስለ ዕቃው ለጉምሩክ በሚቀርበው መግለጫ ሰነድ) ላይ በሰፈረው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው። ስለዚህ ገንዘቡን የምንከፍለው እኛ ብንሆንም፣ ኋላ የሚታሰበው ተመላሽና ተቀናሽ ለፈቃዱ ባለቤት እንጂ ለእኛ አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ሥራውን በቅደም ተከተል አስያዙን። ወንድሜ ቀድሞ ቲን ቁጥር (ይኸው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ስለነበረው ሌላ እንዳያወጣ አስጠነቀቁት፤ አንድ ሰው ሊኖረው የሚገባው አንድ ቁጥር ብቻ ነውና። የንግድ ምዝገባውና የአስመጪነት ፈቃዱ በዚያው ቁጥር ከወጡ በኋላ፣ ዕቃው ከመታዘዙ በፊት የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባውን እንድንጨርስ አደረጉ። በፈቃዱ፣ በኢንቮይሱና በማጓጓዣ ሰነዱ ላይ ያለው ስም አንድ ዓይነት መሆኑን ፊደል በፊደል ያመሳከሩትም እርሳቸው ናቸው።

ከሁሉ በላይ የጠቀመን የሂሳቡ ማብራሪያ ነው፤ እኔም ለሌሎች ይጠቅማል ብዬ እዚህ አሰፍረዋለሁ። ኤክሳይዝ ታክስ (በተመረጡ ዕቃዎች ላይ ብቻ የሚጣል ታክስ) የሌለበት፣ የመድንና የማጓጓዣ ወጪን ጨምሮ ዋጋው 100,000 ብር የሆነ ዕቃ ለምሳሌ 10 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ቢኖርበት ቀረጡ 10,000 ብር ይሆናል። የተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ የሚሰላው ከ110,000 ብር ላይ ስለሆነ 16,500 ብር ነው። ሱር ታክሱ፣ ማለትም በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣለው ተጨማሪ ታክስ፣ 10 በመቶ ሲሆን ይህ ሁሉ ከተደመረ በኋላ ከ126,500 ብር ላይ ስለሚታሰብ 12,650 ብር ይደርሳል። በመጨረሻም በቅድሚያ የሚከፈለው የገቢ ግብር ከ100,000 ብሩ ላይ 3 በመቶ፣ ማለትም 3,000 ብር አለ። ሌሎች ክፍያዎችን ለጊዜው ትተን፣ ከእነዚህ ውስጥ ቀረጡና ሱር ታክሱ የዕቃው ወጪ ሆነው ይቀራሉ፤ 16,500 ብሩ ግን ለተመዘገበ ነጋዴ ከሽያጭ ላይ ከሚሰበስበው ታክስ ይቀነስለታል፣ 3,000 ብሩም ከዓመቱ የትርፍ ግብር ላይ ይታሰብለታል። ያልተመዘገበ ሰው 16,500 ብሩን ያው ይከፍላል፤ የሚያቀናንስበት መንገድ ግን የለውም። ይህን ሳያውቅ የመሸጫ ዋጋ የሚተምን ነጋዴ ወይ ገበያ ያጣል ወይ ይከስራል፤ በተለይ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ይህ ሂሳብ በብር ሲሰላ መጠኑ እጅግ ጨምሯል።

ለእኛ ለክልል ነጋዴዎች ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96 መሠረት በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣለውን ግብር የሚሰበስበው የፌዴራል መንግሥት ሲሆን፣ የግለሰብ ነጋዴ የትርፍ ግብር በአንቀጽ 97 የክልሉ ነው። ስለዚህ ለጉምሩክ የተከፈለውን ቅድመ ግብር ባሕር ዳር ላይ ለማስቀነስ ዲክላራሲዮኑንና የክፍያ ደረሰኙን በሚገባ ይዞ መቅረብ የግድ ነው። ባለሙያው እያንዳንዱን ሰነድ በመዝገብ አስቀምጠው ቅጂውን ለእኛ ይሰጡናል። ዕቃው በመንገድ ላይ ሳለ ምንም ሽያጭ ባይኖረንም የየወሩን የታክስ ማስታወቂያ ሳያስታጉሉ ያቀርቡልን ነበር፤ ቸል ቢባል ቅጣት የሚያስከትል ጉዳይ ነው።

የአገልግሎት ክፍያቸውን በውል ጽፈው አስቀድመው ያሳውቃሉ፣ ለመንግሥት የሚከፈለውን ደግሞ ራሳችን በባንክ እንድንከፍል ያደርጋሉ እንጂ ገንዘብ በእጃቸው አይቀበሉም። እኔ እምነቴን የጣልኩባቸው ስለዚህም ጭምር ነው። ይህን ሥራ ለመጀመር የምታስቡ ወንድሞችና እህቶች በግል ብትጽፉልኝ፣ አስፈቅጃቸው አድራሻቸውን እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ መታወቂያችሁን፣ ቀድሞ ያወጣችሁት ቲን ቁጥር ካለ እርሱን፣ የሱቃችሁን የኪራይ ውል እንዲሁም ከአቅራቢው የተቀበላችሁትን የዋጋ ማቅረቢያ ይዛችሁ ሂዱ። ዕቃውን ከማዘዛችሁና ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት እንድትሄዱ አደራ እላለሁ።