ሁለቱ የሄግ ፍርድ ቤቶች

ዜና ላይ «የሄግ ፍርድ ቤት» ሲባል የትኛው ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በዚያች የኔዘርላንድስ ከተማ የሚሠሩት ሁለት ፍርድ ቤቶች ሥራቸው ለየቅል ነው።

ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አካል ነው። 15 ዳኞች አሉት፤ የሚካሰሱበት ግን መንግሥታት ብቻ ናቸው። ግለሰብ የቱንም ያህል ቢበደል በዚህ በር አይገባም። ለእኛ ሩቅ ችሎት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ፣ ደቡብ አፍሪካን በዛሬዋ ናሚቢያ ላይ በዘረጋችው የአፓርታይድ አገዛዝ ከሰሷት። ከስድስት ዓመት ሙግት በኋላ የዳኞቹ ድምፅ 7 ለ7 ሆነ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት በወሳኝ ድምፃቸው ሚዛኑን ሲደፉት ከሳሾቹ «በጉዳዩ ሕጋዊ ጥቅም የላችሁም» ተባሉ፤ ፍሬ ነገሩ ሳይመረመር መዝገቡ ተዘጋ። እኔን ዛሬም ያንገበግበኛል።

ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ደግሞ በሮም ስምምነት የቆመ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራ የጀመረ ነው። እዚህ የሚከሰሰው ሰው ነው፤ ሥልጣን ከለላ አይሆነውም። መጀመሪያ የተፈረደበት ኮንጓዊው ቶማስ ሉባንጋ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ለውጊያ በማሰለፉ 14 ዓመት ተበይኖበታል። ለተበዳይ የሚቀርበው ይህኛው ይመስለኛል፤ ችግሩ የራሱ ፖሊስ የለውም፣ ተጠርጣሪን የሚይዙለት መንግሥታት ናቸው።

ኢትዮጵያ የሮም ስምምነት አባል አይደለችም። ኢትዮጵያዊ በአገሩ ምድር ለፈጸመው ወንጀል እዚያ እንዲቀርብ፣ በመደበኛው መንገድ፣ ወይ የጸጥታው ምክር ቤት ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤቱ መምራት ወይ መንግሥት ራሱ የፍርድ ቤቱን ሥልጣን መቀበል አለበት።