«ለውድድር የሚሆን» የተባለውን የውሻ መሰናክል ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ሂዱ

ለውሻዬ መጫወቻ ብዬ ያወጣሁት 320 ዶላር ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ። አባባሉ ቃል በቃል ይደርስብኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ማስታወቂያውን ያየሁት እዚህ ቨርጂኒያ፣ እንጀራና በርበሬ የምገዛበት ሱቅ ግድግዳ ላይ ነው። የሚከራይ ክፍል፣ የሚሸጥ መኪና፣ ሞግዚት ይፈለጋል ከሚሉት ወረቀቶች መካከል «በእጅ የተሠራ ሙሉ የውሻ አጂሊቲ ስብስብ፣ ለውድድር የሚሆን» ይላል። በአበሻ ሱቅ እንዲህ ያለ ነገር ማየቴ ራሱ ልቤን ወሰደው። ደወልኩ። ሰውየው «እህቴ» ብሎ ጀምሮ «የአገር ልጅ ነን፣ እመኚኝ» ብሎ ጨረሰ። አመንኩት። ገንዘቡን በዜል፣ ከባንክ ወደ ባንክ ወዲያው በሚልከው የስልክ መተግበሪያ ላክሁለት፤ እቃውን ከመሸ በኋላ በመኪና አምጥቶ ጓሮዬ ውስጥ አራግፎ ሄደ። ለምን ከመሸ እንደመጣ የገባኝ በማግስቱ ጠዋት ነው።

አጂሊቲ ለማታውቁት፣ ውሻ በባለቤቱ ድምፅና የእጅ ምልክት እየተመራ መዝለያውን፣ ዋሻውንና መወጣጫውን በሰዓት እየተለካ የሚያልፍበት ስፖርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ለንደን ውስጥ፣ ክራፍትስ በሚባለው የውሻ ትርኢት ላይ ከፈረስ ዝላይ ተቀድቶ ነው የተጀመረው። የአሜሪካ ኬኔል ክለብ የሚባለው የውሻ ማኅበር ከ1994 ጀምሮ ውድድር ያካሂድበታል፤ እያንዳንዱ መሰናክልም በሕግ የተጻፈ ልክ አለው። ስለዚህ «ለውድድር የሚሆን» ማለት የማሞገሻ ቃል አይደለም። በሜትር የሚረጋገጥ ነገር ነው። እኔ ያላደረግሁት ይህንኑ ነው።

ከመዝለያዎቹ ልጀምር። የመዝለያ ዋና ነገሩ አግዳሚው በቀላሉ መውደቁ ነው። የውሻው እግር ሲነካው ከማረፊያው ተንሸራትቶ መሬት ይወርዳል፣ ውሻውም ምንም ሳይሆን ያልፋል። የእኔዎቹ አግዳሚዎች ግን ቋሚዎቹን በስተው ገብተው በማስቲሽ ተጣብቀዋል። ቡቺ በሁለተኛው ዝላይ በፊት እግሩ መታው። አግዳሚው መውደቅ ትቶ ተሰበረ፤ ስባሪው እንደ ጠርሙስ ስለት ነው። ውሻዬ ደረቱ ላይ ጣት የሚያክል ጭረት ይዞ ተረፈ። ትንሽ ወደ ላይ፣ ወደ ዓይኑ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሁፍ በሌላ ቋንቋ፣ በጠበቃ ቋንቋ ነበር የምጽፈው።

ለምን ተሰበረ? ቱቦው የውኃ መስመር ፒቪሲ ነው። በራሱ ነውር የለውም፤ ብዙ ሰው ከእርሱ ይሠራል። ነገር ግን ባለ አንድ ኢንች ቱቦ በብዛት የሚገኘው በሁለት ዓይነት ነው። ስኬጁል 40 የሚባለው ግድግዳው 3.4 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ ቀጭኑ፣ 200 ፒኤስአይ የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ የዚያ ግማሽ ነው። ከውጭ ሲታዩ መንታ ናቸው። ልዩነቱ የሚታወቀው በቱቦው ጎን ላይ ከታተመው ጽሑፍ ወይም ጫፉን ከፍቶ በማየት ነው። ሰውየው ጽሑፉን ሰማያዊ ቀለም ቀብቶበታል፣ ጫፎቹን ደግሞ በክዳን ዘግቷቸዋል። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍገው ቀጭኑ መሆኑ ወጣ። ከሥሩም ነጩ ቱቦ ወደ ቢጫ ሄዷል። ተራ የውኃ ቱቦ ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ከመታው ይደርቃል፣ ሲመታም ይሰባበራል። ለዕቃ መሥሪያ ተብሎ የሚሸጠው ፒቪሲ ፀሐይ የሚከላከል ንጥረ ነገር ስላለበት ዋጋው ከፍ ይላል። የእኔው እቃ አዲስ ተብሎ የተሸጠ አሮጌ ነበር።

እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ የሚለው ሳንቃ ከሁሉም ያስፈራኛል። በክለቡ ሕግ ርዝመቱ 12 ጫማ፣ ስፋቱ 12 ኢንች ነው። የእኔው ስምንት ጫማ፣ ስፋቱም ዘጠኝ ኢንች። መፈተኛው ደግሞ ቀላል ነው፤ ከተነሳው ጫፍ 12 ኢንች ገባ ብሎ ሦስት ፓውንድ ክብደት ሲቀመጥበት፣ ሳንቃው በሦስት ሰከንድ ውስጥ መሬት መንካት አለበት። ሦስት ፓውንድ ምስር መዝኜ አስቀመጥኩበት። ንቅንቅ አላለም። ትንሽ ውሻ ቢወጣበት አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ትልቅ ውሻ ሲወጣበት ደግሞ ጧ ብሎ ይወድቃል። ቡቺ አንድ ጊዜ ያን ድምፅ ሰምቶ እስከ ዛሬ ወደ ሳንቃ አይቀርብም። እቃ ይተካል፤ የውሻን ፍርሃት ማስለቀቅ ግን ወራት ይፈጃል።

ዋሻው የሕፃናት መጫወቻ ነው፣ ከእጅ አይሻል ዶማ። ስፋቱ 24 ኢንች መሆን ሲገባው 18 ነው፣ ማሰሪያም የአሸዋ ከረጢትም የለውም፤ ቡቺ ገብቶ ዋሻውን እንደ ነጠላ ለብሶት ወጣ። ውሻው እየተጠማዘዘ የሚያልፍባቸው ዘንጎች በመካከላቸው 24 ኢንች ሊኖር ሲገባ 18 ኢንች ላይ ተተክለዋል። «ጉርሻ» ብሎ የጨመረልኝ ደግሞ ጫፉ ላይ ጨርቅ የተንጠለጠለበት ዋሻ ነው፤ ውሾች ጨርቁ ውስጥ እየተጠመዱ ስለተጎዱ ክለቡ እ.ኤ.አ. በ2016 ከውድድር ያስወጣው። ለውድድር የሚሆን!

ገንዘቤን ስጠይቀው መጀመሪያ «ውሻሽ አልሠለጠነም» አለኝ፣ ቀጥሎ ስልክ ማንሳት ተወ። ባንኬ ደግሞ በዜል ራሴ ፈቅጄ የላክሁት ስለሆነ እንደማይመልስልኝ ነገረኝ። በክሬዲት ካርድ ከፍዬ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ሒሳብ በተላከልኝ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መከራከር እችል ነበር። ካርድ አልቀበልም የሚል ሻጭ ይህን መብት ነው ከእጃችሁ የሚወስደው። ዘመዶቼ ግን የሳቁት በእኔ ነው። «ለውሻ ብለሽ ከወገን ትጣያለሽ?» ያለችኝ አክስቴ ናት። እትዬ፣ የተጣላሁት ለውሻ ብዬ አይደለም፤ በወገን ስም ስለሸጠልኝ ነው።

በቤት የተሠራ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። አሁን የምንጠቀመውን መዝለያ ራሴ ሠርቼዋለሁ፣ ከአንድ ቅዳሜ በላይ አልፈጀም። ባለ አሥር ጫማ ስኬጁል 40 ቱቦ ገዝቼ አግዳሚውን አምስት ጫማ አድርጌ ቆረጥኩ፤ ማረፊያዎቹን ለብቻቸው ገዝቼ ቋሚዎቹ ላይ በየአራት ኢንቹ አሰርኳቸው፤ አግዳሚው ላይ ማስቲሽ የሚባል ነገር አልነካም። ልምምዱ ሲያልቅ ሁሉም ተነቃቅሎ ጋራዥ ይገባል፣ ፀሐይ ላይ አይውልም። ቡቺ ቁመቱ ትከሻው ላይ 19 ኢንች ስለሆነ በሕጉ 20 ኢንች ይዘላል፤ እኔ ግን ገና በስምንት ነው የማለማምደው። ቡችላ ያላችሁ አግዳሚውን መሬት ላይ አስቀምጣችሁ ጀምሩ። አጥንቱ ሳይጠነክር ከፍ ያለ ዝላይ አይሆንም፤ ክለቡም ከ15 ወር በታች ያለን ውሻ አያወዳድርም። ሳንቃውንና ከፍ ያለውን መወጣጫ ግን ራሴ አልሠራም፣ ከማላውቀው ሰውም አልገዛም። ለእነርሱ በሰዓት ከፍዬ ክለብ ሜዳ እወስደዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ እንጀራ ልገዛ ገብቼ ወረቀቱን እዚያው ግድግዳ ላይ አየሁት። ፎቶው ያው ነው፣ ቀለሙ ወደ ቀይ ተቀይሯል፣ ዋጋው 350 ደርሷል። ባለሱቋን አስፈቅጄ ከጎኑ የተሰበረውን አግዳሚ ፎቶ ለጠፍኩ።