በራቬሎ ላስጎበኘችን ባለሙያ ምስጋና

ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ጣሊያን የአማልፊ ባሕር ዳርቻ ለመሄድ የምታስቡ ወገኖቼ፣ በራቬሎ ከተማ እኔንና እናቴን ያስጎበኘችንን ሴት በአደባባይ ሳላመሰግን መቅረት ስለከበደኝ ይህን ጽፌላችኋለሁ።

ከእርሷ በፊት በዚያው ዳርቻ በሌላ ከተማ የቀጠርነው ሰው ሙሉ ክፍያውን አስቀድሞ ከተቀበለ በኋላ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናቴን ደረጃው ሥር ትቷቸው ሌሎቹን ይዞ ወጣ፤ የቀረውንም ጊዜ የሎሚ መጠጥ በሚሸጥበት ሱቅ አስፈጀን። እናቴ «ልጄ፣ በቃኝ፤ ገንዘብሽን አታባክኚ» ሲሉኝ የተሰማኝ ቁጭት ዛሬም አልወጣልኝም።

ራቬሎ ከባሕሩ 350 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ ሥጋት ነበረኝ። ይህች ሴት ግን መንገዱን ሁሉ በእናቴ አቅም ልክ መረጠችው። እ.ኤ.አ. በ1086 በተመሠረተው ካቴድራል ውስጥ ወንበር አስመጥታ፣ በ1272 የተሠራውና ዓምዶቹ በስድስት የእብነ በረድ አንበሶች ጀርባ ላይ የቆሙት የስብከት ሰገነት ፊት ለፊት አስቀመጠቻቸው፤ እስኪጠግቡም ጠበቀቻቸው። ሰገነቱን ስላስጌጠው ሞዛይክ (በትናንሽ ባለቀለም ድንጋዮች የሚሠራ ጌጥ) አሠራር ያብራራችው ለእኔ ባይገባኝም፣ ያ ሁሉ ሀብት ከአማልፊ ነጋዴዎች የባሕር ንግድ እንደመጣ፣ በ1880ም የሙዚቃ ደራሲው ቫግነር እዚያው ራቬሎ ያለውን የቪላ ሩፎሎን የአትክልት ስፍራ አይቶ ለኦፔራው የሚፈልገውን አስማታዊ ገነት እንዳገኘ የነገረችን በደንብ ገብቶኛል።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ግን ቪላ ኤፒስኮፒዮ ዘንድ ስንደርስ ላደረገችው ነው። ከየት እንደመጣን ታውቅ ስለነበር «ለእናትሽ ልንገራቸው?» ብላ አስቀድማ ጠየቀችኝ። ከዚያም በ1936 «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» የሚል ማዕረግ ለራሱ የወሰደው የጣሊያኑ ንጉሥ ቪክቶር አማኑኤል ሦስተኛ፣ በ1944 በተባባሪዎቹ ኃይሎች ግፊት ሥልጣኑን ለልጁ ለኡምቤርቶ ለማስረከብ የተስማማው በዚህ ቤት እንደሆነ፣ በአገራችን ላይ የዘነበውንም የመርዝ ጋዝ ሳትሸፋፍን ተናገረች። የአርበኛ ልጅ የሆኑት እናቴ «እውነቱን ስለነገርሽን እግዚአብሔር ይስጥልን» አሏት፤ ስለ አባታቸውም ብዙ አወሩላት። እኔ እያስተረጎምኩ፣ እርሷ የሥራ ሰዓቷ አልፎም ቢሆን አጠገባቸው ተቀምጣ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻቸው። እግዚአብሔር ያክብራት።

ፈቃዷን ስላልጠየቅሁ ስሟን እዚህ አልጻፍኩም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ግን እርሷን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። እባካችሁ፣ በተለይ አረጋውያንን የምትወስዱ፣ ሌላ ሰው ከመቅጠራችሁ በፊት እርሷን ጠይቁ፤ ደረጃ መውጣት የሚከብደው ሰው ካለም አስቀድማችሁ ንገሯት።