የማራኪው የቅዳሜና እሑድ ቱቶሪያል፦ ለቅደም ተከተል ጥያቄ ይጠቅማል፣ ለሌላው ግን አልመክርም

ሁላችንም «ጋት» እያልን ለምንጠራው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የሚያዘጋጁ ቱቶሪያሎች በጎንደር በርክተዋል፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ዙሪያ ባሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በር ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያም አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ ነው። ከእነዚህ አንዱን፣ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚሰጠውን፣ እስከ መጨረሻው ተከታትያለሁ። ስሙን የማልጽፈው ከምስጋናው ጋር ነቀፌታም ስላለኝ ነው።

ትምህርቱ የቃላት፣ የሒሳብና የትንተና ክፍሎችን ይሸፍናል ተብሎ ቢሸጥም፣ በእኔ ግምት የከፈልነውን የሚያወጣው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ እሱም ሰዎችን፣ ቦታዎችን ወይም ክንውኖችን በተሰጡ ሁኔታዎች መሠረት በቅደም ተከተል የመደርደር ጥያቄ ነው። ይህን የሚያስተምሩት መምህር ሁኔታዎቹ በሙሉ ተነበው፣ በምልክት ተጽፈውና እርስ በርስ ተያይዘው ሳያልቁ ማንም ወደ ጥያቄው እንዲሄድ አይፈቅዱም። አብዛኞቻችን ከ12ኛ ክፍል የአፕቲትዩድ ፈተና ይዘነው የመጣነው ልማድ ግን አማራጮቹን አንድ በአንድ መሞከርና ሰዓቱ ሲገባደድ መገመት ነበር።

ዘዴያቸውን ለማሳየት የሀንድአውቱን ጥያቄ ከምገለብጥ በዚያው መልክ አንድ ላብጅ። አንድ አስጎብኚ በአንድ ቀን ፋሲል ግቢን፣ ሥላሴን፣ ቁስቋምን፣ የፋሲል መዋኛን፣ ራስ ግንብንና ወለቃን፣ እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ያስጎበኛል እንበል። ሥላሴ ከግቢው ቀጥሎ ወዲያውኑ ይጎበኛል፤ ራስ ግንብ ከግቢው ይቀድማል፤ መዋኛው ከቁስቋም ይቀድማል፤ ቁስቋም ከሥላሴ ይቀድማል፤ ስለ ወለቃ የተባለ ነገር የለም። መምህሩ በሰሌዳው ላይ ስድስት አጫጭር ሰረዞች ያሰምራሉ፤ ግቢውንና ሥላሴን በአንድ ሳጥን ውስጥ ያስገባሉ፤ ሌሎቹን በቀስት ያያይዛሉ፤ ምንም ያልተባለለትን ወለቃን ደግሞ ጥግ ላይ አክብበው ይተዉታል። ከዚያ ማርከራቸውን ከድነው ሥዕሉን ብቻ እንድናይ ያደርጉናል።

ሥላሴና ግቢው የማይለያዩ ከሆነ፣ ከሥላሴ የሚቀድመው ቁስቋም ከግቢውም መቅደሙ የግድ ነው፤ መዋኛው ደግሞ ከቁስቋም ስለሚቀድምና ራስ ግንብም ስላለ፣ ከግቢው በፊት ቢያንስ ሦስት ቦታዎች ይጎበኛሉ ማለት ነው። ስለዚህ ግቢው አራተኛ ወይም አምስተኛ ከመሆን ሌላ ዕድል የለውም፤ በመጨረሻ ሊጎበኝ የሚችለውም ሥላሴ ወይም ወለቃ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ የሚገኘው አንድም ጥያቄ ሳይነበብ ነው። «ወለቃ አንደኛ ቢሆን ሁለተኛ ሊሆን የሚችለው የትኛው ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ግቢው አምስተኛ፣ ሥላሴ ስድስተኛ ሆነው ቦታቸውን ይይዛሉ፤ ቁስቋም መዋኛውን ማስቀደም ስላለበት መልሱ መዋኛው ወይም ራስ ግንብ ይሆናል። ሁኔታዎቹን የሚያሟሉት ድርድሮች በጠቅላላው 15 ናቸው፤ ሁሉንም ጽፎ ለመጨረስ የሚሞክር ተፈታኝ ሰዓቱን እዚያው ያባክናል።

ከሀንድአውቱ ጥያቄዎች አንዱ የነገሥታትን ሥዕሎች በግድግዳ ላይ የሚያስደረድር ነው። የጎንደር ልጅ በዚህ ጥያቄ ክፉኛ ይፈተናል፤ ፋሲለደስን፣ ዮሐንስን፣ ኢያሱን በነገሡበት ተራ ካልደረደረ እጁ አይታዘዝለትም፣ ሁኔታው ግን ኢያሱ ከዮሐንስ ይቀድማል ይላል። መምህሩ ይህን ጥያቄ ሆን ብለው በመጀመሪያው ቀን መስጠታቸውን ወድጄላቸዋለሁ፤ የውጭ ዕውቀት በዚህ ክፍል ቦታ እንደሌለው ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም።

ጉድለቱ የሚጀምረው ከሥዕሉ በኋላ ነው። «ሊሆን ይችላል» የሚለው ጥያቄና «የግድ ይሆናል» የሚለው ጥያቄ የሚፈቱበት መንገድ ተቃራኒ ነው፤ ለመጀመሪያው ሁኔታዎቹን የሚያሟላ አንድ ድርድር ማግኘት ሲበቃ፣ ለሁለተኛው ግን አማራጩን የሚያፈርስ ድርድር መፈለግና አለመገኘቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ይህ ልዩነት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የሚገባው ሆኖ ሳለ በሩጫ ታለፈ። ቀደም ባለ ጥያቄ ላይ ትክክል ሆኖ የተገኘ ድርድር ለኋለኛው «የግድ» ጥያቄ የተሳሳቱ አማራጮችን ለመጣል እንደሚያገለግልም የነገረን አልነበረም። የተሟላ ቅደም ተከተል ከአማራጮች እንድንመርጥ በሚጠየቅበት ጊዜ ግን ጥሩ አሠራር አሳይተውናል፦ አንዱን አማራጭ በሁኔታዎቹ ሁሉ ከመፈተን ይልቅ፣ አንዱን ሁኔታ ይዞ አማራጮቹን በሙሉ መቃኘትና የጣሰውን እየሰረዙ መሄድ።

ሀንድአውቱ ለብቻው ይከፈልበታል፤ በምዝገባ ወቅት ይህ አልተነገረንም። የመልስ ቁልፉ ፊደል ብቻ እንጂ ማብራሪያ የለውም፤ በአንድ ጥያቄ ላይ የተሰጠው መልስ ከሁኔታዎቹ አንዱን በግልጽ ይጥሳል። መምህሩ ሲነገራቸው ወዲያው ተቀብለው በቃል አርመዋል፣ የሚሸጠው ቅጂ ግን እስከ መጨረሻው አልታረመም። ረጃጅሞቹ ጥያቄዎች ደግሞ ኤልሳት በሚባለው የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና አቀራረብ የተዘጋጁ ናቸው። በዚያ ፈተና አራት እንዲህ ያሉ እንቆቅልሾች በ35 ደቂቃ ይሠሩ ነበር፤ ክፍሉ ከነሐሴ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከፈተናው ወጥቷል። ጥያቄዎቹ ለልምምድ አሁንም ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ከየት እንደመጡ ቢነገረን ኖሮ አንዳንዶቻችን በክብደታቸው ደንግጠን ተስፋ ባልቆረጥን ነበር።

የቃላቱ ክፍል የተሸመደዱ ዝርዝሮች ንባብ ነው፤ የሒሳቡም ማንኛውም የመሰናዶ መጽሐፍ ከሚሰጠው አያልፍም። ስለዚህ የቅደም ተከተሉን ክፍል ብቻ ለይቶ መክፈል ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ይሻላል። የሚመዘገብ ሰው ባዶ ወረቀት ይዞ ይምጣና ሥዕሉን ከሀንድአውቱ ውጭ መሥራትን ይልመድ፤ ፈተናው በኮምፒውተር ስለሚሰጥ በጥያቄው ላይ መጫር አይቻልምና። ሰሌዳው ከኋላ ወንበሮች ስለማይታይና መምህሩም ተማሪው ገልብጦ ሳይጨርስ የሚያጠፉ ስለሆኑ ቀደም ብሎ መድረስ ያስፈልጋል።