የአከርካሪ ብሎን ሳጥን፦ ከመሣሪያ አቀባይ ነርስ የተሰጠ አስተያየት

ጅማ ውስጥ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ አቀባይ ነርስ ነኝ። ብሎኑን ለቀዶ ሐኪሙ የምሰጠው እኔ ነኝና የምጽፈው በእጄ ስላለፉት ነው።

ከዛፍ የወደቁ፣ ከባጃጅ ጋር የተገለበጡ ሰዎች ወገባቸው ተሰብሮ ሲመጡ ብዙ ጊዜ የምንከፍተው የቲታኒየም ፖሊአክሲያል ሳጥን ነው። የዚህ ብሎን ራስ ወደየአቅጣጫው ይዞራል። ስለዚህ የተተከሉት ብሎኖች በአንድ መስመር ባይሰለፉም ብሎኖቹን እርስ በርስ የሚያያይዘው 5.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ ያለ ትግል ይገባል። የሞኖአክሲያል ራስ ግን ከግንዱ ጋር አንድ ወጥ ስለሆነ ዘንጉን ለእሱ እያጎበጡ ማመቻቸት ግድ ነው፤ ያ ደግሞ ጊዜ ይበላል፣ በሽተኛውም እስከዚያው ይደማል። ቢሆንም አልንቀውም። የተጨፈለቀን አከርካሪ ቀና ለማድረግ ሲገፉት ጉልበቱ ሳይባክን አጥንቱ ዘንድ ይደርሳል። ፖሊአክሲያል እዚህ ላይ ይሸነፋል፤ ደካማ ጎኑ ያው የሚዞረው መገጣጠሚያው ነው።

እኔ ከሁሉም የምወደው ረጅም ጆሮ ያለውን፣ ማለትም የራሱ ሁለት ጎኖች ወደ ላይ የረዘሙለትን ብሎን ነው። ወደ ፊት የተንሸራተተን አከርካሪ ዘንጉ ላይ ቀስ በቀስ ስቦ ይመልሳል፤ ከዚያ ጆሮዎቹ ተሰብረው ይወጣሉ። ቁስሉ ከመዘጋቱ በፊት የተሰበሩትን ጆሮዎች አንድ በአንድ ቆጥሬ ካልጨረስኩ ክር አላቀብልም።

አጥንታቸው ለሳሳ አዛውንቶች ግንዱ ቀዳዳ ያለው፣ የአጥንት ሲሚንቶ የሚያሳልፈው ብሎን ይሻላል።

ቅሬታዬ በአቅራቢዎች ላይ ነው። አንዱ ባመጣልን ሳጥን ውስጥ ለታችኛው ወገብ በብዛት የምንፈልገው 6.5 በ45 (ውፍረቱና ርዝመቱ በሚሊ ሜትር) ብሎን አልነበረም፤ የካቻቢቴውም ጫፍ ተላልጦ ነበር። በሽተኛው ተኝቶ፣ ጀርባው ተከፍቶ ሳለ ይህን ማወቅ ያስቆጣል! ቀለሙም አያስተማምንም፤ ውፍረትን የሚያመለክተው ቀለም ከአምራች አምራች ይለያያል፤ እኔ ሁልጊዜ በመለኪያው አረጋግጣለሁ። የጎደለውን በማይዝግ ብረት መሙላትም መፍትሔ አይደለም፤ ሁለቱ ብረቶች ሰውነት ውስጥ ሲነካኩ አንዱ ሌላውን ያዝገዋል።

ለፖሊአክሲያል ሳጥኑ ከ5 ነጥብ 4 እሰጣለሁ። የምትረከቡ ባልደረቦቼ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ካቻቢቴውን በየብሎኑ ራስ አስገብታችሁ ሞክሩት፤ ዘንጉን ከብሎኑ ራስ ጋር የሚያስሩትን መቆለፊያዎችም ከብሎኖቹ አብልጣችሁ ጠይቁ፤ ጥርሱ ተዛንፎ የሚጣል አይጠፋም።